«አፌ ያለውን ልቤ ካላለ፣ መሐላ ነው ወይ?»

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

የሚጽፉትን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ዛሬ የራሴን ጣጣ ይዤ መጣሁ። ሜልቦርን ከገባሁ 9 ዓመት አለፈኝ። ታክሲ ነው የምነዳው፣ በአብዛኛው ሌሊት። ባለቤቴና ልጄ ዜግነት ከወሰዱ ቆይተዋል። እኔ ዛሬ ነገ እያልኩ ከረምኩ። በመጨረሻ አመለከትኩ፣ ይኸው የፈተና ቀጠሮ ደረሰኝ። ወር አልቀረኝም።

ታሪኩንና የመንግሥቱን አሠራር ሸምድጄዋለሁ። ያስጨነቀኝ «የአውስትራሊያ እሴቶች» የሚለው ነው። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም፤ መልሱማ ግልጽ ነው። ግን በቀደም እያጠናሁ ልጄ (14 ዓመቷ ነው) መጣችና «አባዬ፣ ቆይ አንተ ምንህ ነው አውስትራሊያዊ?» አለችኝ። የምለው ጠፋኝ። እሷስ ብትሆን? ጎረቤታችን ያሉትን ሽማግሌ፣ አባቴን የሚያህሉ ሰው፣ በስማቸው ነው የምትጠራቸው። ስቆጣት «ራሳቸው ናቸው እንዲህ በይኝ ያሉት» ትላለች።

ጓደኞቼ ቡና ላይ «እነዚህ ደግሞ ምን ባህል አላቸው? ባርቤኪውና ፉቲ!» ይላሉ፤ ፉቲ የእነሱ እግር ኳስ ነው። አንዱማ «ባንዲራህን ልትሸጥ ነው በለኛ» አለኝ። በቀልድ ነው፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስነዳ ከጆሮዬ አልጠፋም።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰዎቹ አልገቡኝም። ሰካራሙም ሐኪሙም ባለከረባቱም መጥቶ ከጎኔ ነው የሚቀመጠው፣ ከኋላ ሰፊ ወንበር እያለ። «ማይት» እያለ እንደ አብሮ አደግ ያወራኛል። ከወረደ በኋላ መንገድ ላይ ብንገናኝ አያውቀኝም። ወዳጅነት ነው ንቀት? ሰው ያልገባውን ነገር እንዴት «አምናለሁ» ብሎ ይምላል? አፌ ያለውን ልቤ ካላለ፣ መሐላ ነው ወይ? እኛ አገር በመሐላ አይቀለድም።

ግራ የገባው ባለታክሲ፣ ከፉትስክሬይ

መልስ

ወንድሜ፣ ከጎንህ ከሚቀመጠው ሰውዬ ልጀምር። ግማሹ መልስ እሱ ጋ ነው።

እኔም የመጣሁ ሰሞን ታክሲ ስይዝ ከኋላ ገብቼ ነበር የምደላደለው። አንድ ማታ ሹፌሩ፣ ሸበቶ የአገሬው ሰው፣ በመስታወቱ እያየኝ «ማይት፣ እሸታለሁ እንዴ?» አለኝ። ደንግጬ «ኧረ በፍጹም!» አልኩ። ከት ብሎ ሳቀ። ነገሩን ያስረዳኝ ከወራት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ብቻውን ተሳፍሮ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው፣ በእነሱ ዓይን ሹፌሩን አሽከር አድርጎታል። አሁን አሁን መኪናው ሁሉ በስልክ እየተጠራ ልማዱ ሳስቷል። ወጣቱ ከኋላ ገብቶ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። ልብ ብለህ ካየህ ከጎንህ የሚገባው አብዛኛው ዕድሜው ገፋ ያለ ነው።

እና ወዳጅነትም ንቀትም አይደለም። «ካንተ አልበልጥም» ነው የሚልህ። ከዚያ ያለፈ ቃል ስላልገባልህ፣ በማግሥቱ መንገድ ላይ ባያውቅህ አልከዳህም። እኛ ሰው ስናከብር ከፍ እናደርገዋለን። ከመቀመጫችን እንነሳለን፣ አንቱ እንላለን፣ እጁን እናስታጥባለን። እነሱ ጋ ከፍ ያደረጉት ሰው ይሸማቀቃል። ልጅህ ጎረቤታችሁን «ሚስተር» ብትላቸው፣ ሽማግሌው ምን አስቀየምኳት ብለው ነው የሚያስቡት። ጠቅላይ ሚኒስትሩን አንቶኒ አልባኒዝን እኮ አገሩ በሙሉ «አልቦ» ነው የሚለው፣ በቴሌቪዥን ጭምር። መጀመሪያ ስሰማ ትዝ ያለኝ የአያቴ የእግር ጌጥ ነው። በእኛ ቤት የመሪ ስም እንዲህ ቢቆራረጥ ምን ሊመጣ እንደሚችል አንተው ጨርሰው።

ልጅህን አትቆጣት። ግቢው ውስጥ በእሳቸው ወግ ትጥራቸው። ቤት ውስጥ የአንተ ጓደኞች ሲመጡ ደግሞ «ጋሼ» ትበል። ልጆች ሁለት ቋንቋ እንደሚይዙ ሁለት ወግም ይይዛሉ፤ የሚጋጭባቸው እኛ ስናጋጭባቸው ነው።

ባህል የላቸውም ለሚሉህ ጓደኞችህ ደግሞ የሳህኑን ታሪክ ንገርልኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ የዓመት መጨረሻ ግብዣ ተጠራሁ። ወረቀቱ «ሳህን ይዛችሁ ኑ» ይላል። አዘንኩላቸው። ሳህን ቢያጥራቸው ነው ብዬ፣ እንደ እድር ዕቃ መስሎኝ፣ ቤት ያለኝን 6 ሳህን በፎጣ ጠቅልዬ፣ እንዳይሰበር እንደ ሕፃን አቅፌ በባቡር ሄድኩ። ለካ «ሳህን» ማለት ምግብ ያለበት ሳህን ነው! ሁሉም የየራሱን ሠርቶ አምጥቷል። እኔ ጠረጴዛው ዳር ባዶ ሳህን ደርድሬ ቆሜያለሁ። አንዲት ሴትዮ ሳህኖቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም ሳትል ከራሷ ትሪ ላይ ግማሹን አንስታ አንዱ ሳህኔ ላይ ገለበጠች። ሌላውም ተከተላት። የዚያን ቀን አንድም ሰው አልሳቀብኝም። የሳቁብኝ ሰኞ ጠዋት ነው፣ ያውም ለሁለት ዓመት። «ስድስት ሳህን» የሚል ስም ወጣልኝ።

ከፍቶኝ ነበር። ግን አስተውል፤ ተረቡ ከተጀመረ በኋላ ነው ሰው የሆንኩት። ምሳ የሚጠራኝ በዛ። አራዳ ልጅ ከሆንክ ይህን ለመረዳት ፈረንጅ አያስፈልግህም። እዚህ አገር የማይወዱትን ሰው በጨዋ ደንብ ያናግሩታል፣ የወደዱትን ይተርቡታል። የሚያሰጋህ «ሰር» ሲሉህ ነው።

መጠጥ ቤትም እንደዚሁ። እኛ ሒሳብ ሲመጣ «ሞቼ እገኛለሁ» እያልን እንታገላለን። እነሱ ተራ አላቸው። «ሻውት» ይሉታል። አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ አንተ። ተራህ ሳይደርስ ሁሉንም ልክፈል ብትል ደግ አትባልም፣ በላያችን ሊሆን ነው ትባላለህ። ተራህ ሊደርስ ሲል ሹልክ ካልክ ደግሞ ለዓመታት አይረሱልህም። ለስላሳም ብትጠጣ ተራህን ግዛ።

ይህ እኩልነታቸው የማልወድለት ጎንም አለው። ከጓደኞቹ ቀድሞ የታየ ሰው ይከረከማል። «ቶል ፖፒ» ይሉታል፤ ከሌላው በላይ የረዘመችን አበባ አናቷን እንደመቀንጠስ ነው። ጉረኛን ለማስተንፈስ ጥሩ ነው፣ ለእኛም ቢመጣ ባልጠላሁ። ግን ጎበዝ ተማሪም ይጎዳበታል። ልጅህ ውጤቷን ከጓደኞቿ መደበቅ ከጀመረች ቤት ውስጥ አጨብጭብላት።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ለፈተናው በምታጠናው መጽሐፍ ላይ «ፌር ጎ» የሚል አንብበሃል። ማንም ይሁን ማን፣ እንደ ሌላው ሁሉ የመሞከር ዕድል ይገባዋል ማለት ነው። የቃሉን ታሪክ ለማየት ሩቅ አትሄድም። ከፉትስክሬይ ጥቂት ጣቢያ አልፈህ ሰንሻይን ትደርሳለህ፤ ስንቱ አበሻ ነው እዚያ የሚኖረው። ሰንሻይን ስሙን ያገኘው ከእህል ማጨጃ ማሽን ነው። ኤች. ቪ. ማካይ የሚባል ባለሀብት ማሽኑን የሚሠራበት ትልቅ ፋብሪካ እዚያ ነበረው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ልጥራልህ፣ ካልሆነ እነግርሃለሁ።) በ1907 የሠራተኞቹ ደሞዝ ጉዳይ ዳኛ ሂጊንስ ፊት ቀረበ። ዳኛው ፋብሪካው ምን ያህል መክፈል ይችላል ብሎ አልተነሳም። አንድ ተራ ሠራተኛ፣ ሚስትና ሦስት ልጆች ይዞ፣ እንደ ሰው ለመኖር ምን ያስፈልገዋል ብሎ ጠየቀ። የቤት ኪራዩ፣ ዳቦው፣ ሥጋው፣ ማገዶው ተቆጠረ። በቀን 7 ሺሊንግ ወጣ። ማካይ አልቀበልም ብሎ ተከራክሮ በዓመቱ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ረታ። ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ የአገሩ የደሞዝ ሥርዓት ለብዙ አሥርት ዓመታት በእሱ ላይ ቆመ።

ያምራል አይደል? ቆይ። ያ 7 ሺሊንግ የተቆረጠው ለነጭ ወንድ ነው። የሴት ደሞዝ ግማሹን ብዙም ሳያልፍ ነበር የሚተመነው። እንደ አንተና እንደ እኔ ያለው ሰው ደግሞ መርከቡ ላይ ነው የሚቀረው። አገሩ ፌዴሬሽን በሆነበት በ1901 ያወጡት ሕግ፣ ለመግባት የሚመጣን ሰው በአውሮፓ ቋንቋ 50 ቃል የቃል ጽሕፈት እንዲፈተን ያዝዛል። የትኛው ቋንቋ እንደሚሆን የሚመርጠው መኮንኑ ነው። እንግሊዝኛ ታውቃለህ? እንግዲያው በሌላ እንፈትንሃለን። በ1934 ኤጎን ኪሽ የሚባል ከፕራግ የመጣ ጋዜጠኛ፣ ናዚዎችን አጥብቆ የሚቃወም ሰው፣ እንዳይወርድ ተከለከለ። ሜልቦርን ላይ ከመርከብ ዘሎ እግሩን ሰበረ። ቋንቋ እንደጉድ ይችል ነበርና በምን እንፈትነው ቢባል፣ በስኮትላንድ ጌሊክ ፈተኑት! ፍርድ ቤት ግን ጌሊክ ሕጉ የሚለው የአውሮፓ ቋንቋ አይደለም ብሎ ፈተናውን ውድቅ አደረገው። የነጭ አውስትራሊያ ፖሊሲ ጨርሶ የተቀበረው በ1973 ነው። ዘርን መሠረት ያደረገ መድልዎን የሚከለክለው ሕግ በ1975 ወጣ።

ይህን የምነግርህ ላስከፋህ አይደለም። አንተ «እሴቱ ሳይገባኝ እንዴት እምላለሁ» ስትል፣ እነሱ ድሮውኑ አምነው፣ ኖረውት፣ አጥርተው የጨረሱት ነገር አድርገህ እየቆጠርከው ነው። አይደለም። አሁንም እየተጣሉበት ነው። በ2018 መጀመሪያ፣ አንተም እዚህ ስለነበርክ ታስታውሳለህ፣ አንድ የፌዴራል ሚኒስትር የሜልቦርን ሰው በአፍሪካ ወሮበሎች ፍርሃት ማታ ወጥቶ ምግብ ቤት መብላት ፈርቷል ብሎ ተናገረ። ያኔ ልጆቻችን ባቡር ላይ በምን ዓይን እንደታዩ አውቃለሁ። የከተማው ሰው ምን አደረገ? የእራቱን ፎቶ እያነሳ፣ «ይኸው በፍርሃት እየተንቀጠቀጥኩ እየበላሁ ነው» እያለ በሚኒስትሩ ሲያላግጥ ሰነበተ። ሁለቱም አውስትራሊያ ነው። የትኛው ጋር እንደምትቆም ማንም አይመርጥልህም።

ብሔራዊ በዓላቸው እንኳ ሰላም የለውም። ጥር ላይ፣ በእነሱ ጃንዋሪ 26፣ ባርቤኪው ሲጨስ ታያለህ። በ1788 የእንግሊዝ መርከቦች እስረኛ ጭነው ሲድኒ ላይ ሰፈሩን የተከሉበት ቀን ነው። ከ50 ሺህ ዓመት በላይ እዚያ ለኖሩት ለአቦርጂናል ሕዝቦች ደግሞ የወረራ ቀን ነው። በ1938፣ ሌላው 150ኛውን ዓመት ሲደግስ፣ እነሱ የሐዘን ቀን ብለው ተሰበሰቡ። በ2017 ደግሞ እዚሁ ሜልቦርን ያራና ዳሬቢን የሚባሉ ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) በዚያ ቀን አናከብርም በማለታቸው፣ መንግሥት የዜግነት ሥነ ሥርዓት የማካሄድ ሥልጣናቸውን ነጠቃቸው። ዛሬ ካውንስሎች ቀኑን በጥቂቱ ቀደም ወይም ዘግየት ማድረግ ተፈቅዶላቸዋል።

ኦክቶበር 14 ቀን 2023 ሕዝበ ውሳኔ ነበር። የአገሬው ተወላጆች ድምፅ ለፓርላማ የሚደርስበት አካል በሕገ መንግሥቱ ይቋቋም ወይስ አይቋቋም? እኔ «አዎ» ነበር ያልኩት። 60 በመቶ ገደማው «አይሆንም» አለ። የአቦርጂናል መሪዎች የአንድ ሳምንት ዝምታ አወጁ። ቅዳሜ ማታ ተቆጠረ፣ ተሸነፍን፣ ሰኞ ሥራ ገባን። «አይሆንም» ካለው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ምሳዬን በላሁ። ከመጣሁበት ታሪክ አንጻር፣ ያ ሰኞ ለእኔ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል። አንተም ቃል የምትገባለት ነገር በአብዛኛው ይኸው ነው።

የዜግነቱን ቃል አንድ በአንድ እንየው እስቲ። በአማርኛ ቢመለስ ይህን ይመስላል፦ ከዛሬ ጀምሮ ለአውስትራሊያና ለሕዝቧ ታማኝ እሆናለሁ፤ የዴሞክራሲ እምነታቸውን እጋራለሁ፤ መብታቸውንና ነጻነታቸውን አከብራለሁ፤ ሕጋቸውን እጠብቃለሁ፣ እታዘዛለሁም። አለቀ። «በእግዚአብሔር ፊት» የሚል ያለበትና የሌለበት ሁለት ዓይነት አለ፣ አንተ ትመርጣለህ። መሐላ ከከበደህ የሌለበትን ውሰድ፤ ቃል መግባት ነው እንጂ መሐላ አይሆንብህም። የንጉሡም ስም የለበትም፣ በ1994 ወጥቷል። እስኪ ዳቦ ላይ የሚቀቡትን ቬጀማይት እወዳለሁ የሚል የቱ ጋ ነው? ፉቲ አያለሁ የሚልስ? እናት አገሬን እረሳለሁ የሚልስ? ልብህ የማይለውን አንድ ቃል ካገኘህበት ጻፍልኝ። እኔ እንደማውቅህ ከሆነ፣ ሕግ አክብረህ ሌሊት የምትነዳ ሰው ግማሹን ስትኖረው ነው የቆየኸው።

«ባንዲራህን ልትሸጥ ነው» ያለህ ጓደኛህ ግን በቀልዱ ውስጥ እውነት አለው። አልዋሽህም። አውስትራሊያ ከ2002 ጀምሮ ሁለት ዜግነት ትፈቅዳለች። ችግሩ የእኛው ሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 (ይኸኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የሆነውን ቢጫ ካርድ ታወጣለህ፣ ያለ ቪዛ ትገባለህ፣ ትሠራለህ፣ ቤት ይኖርሃል። መምረጥና መመረጥ ግን አትችልም። ይህ ትንሽ ነገር ነው ብሎ የሚያባብልህን አትስማ። እኔ ፓስፖርቴን ያስረከብኩ ቀን ምሳ አልበላሁም። ብታለቅስም አያሳፍርም። በነገራችን ላይ እዚህም አገር ዜግነት ሰውን ያጃጅላል። የፌዴራል ፓርላማ ለመግባት የሌላ አገር ዜጋ መሆን የለብህም። በ2017 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባርናቢ ጆይስ በአባቱ በኩል ሳያውቀው ኒውዚላንዳዊ ሆኖ ተገኘና ወንበሩን አጣ።

አንድ ነገር ግን ጓደኞችህ ይወቁልኝ። አውስትራሊያዊ የሚባል ዜግነት በሕግ የተወለደው ጃንዋሪ 26 ቀን 1949 ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዢ ነበር። የእኛ የዜግነት ሕግ የወጣው በ1922 ዓ.ም. ነው፣ በእነሱ 1930 መሆኑ ነው። ሰንሻይን ቤተክርስቲያን የምናያቸው አንዳንድ እማማዎች ከአውስትራሊያ ዜግነት በዕድሜ ይበልጣሉ። ገና እየተሠራ ያለ ቤት ነው። በ2021 ቆጠራ ከሕዝቡ ግማሽ የሚሆነው ቢያንስ አንድ ወላጁ ውጭ አገር የተወለደ ነበር። እንደ እንግዳ በር ላይ ቆመህ «ልግባ ወይ» የምትል ከመሰለህ፣ ሳሎኑ ውስጥ ያለው ግማሹ ከአንተ ብዙም ቀድሞ አልገባም።

እና ልጅህ። «ምንህ ነው አውስትራሊያዊ?» ላለችህ በቃል አትመልስላት። አንድ ማታ ሥራ አትግባና ስልክህን ይዘህ ከጎኗ ተቀመጥ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ የደመራ ዋዜማ፣ ሲድኒ። ኃይሌና ኬንያዊው ቴርጋት የተናነቁባትን 10 ሺህ ሜትር ፈልግላት። አንተ መቼም አትረሳትም፤ ልዩነቷ ከአንድ ሰከንድ 9 መቶኛ ነበረች። እሷ ግን አልተወለደችም። አሳያት፣ ጩህ፣ እንደ ያኔው ዝለል። ከዚያ በዚያው ምሽት፣ በዚያው መም ላይ የተሮጠውን የሴቶች 400 ሜትር ክፈትላት። ከ112 ሺህ በላይ ሰው ቆሞ የሚጮኸው ካቲ ፍሪማን ለምትባል አቦርጂናል ልጅ ነው። አሸነፈች፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ለረጅም ጊዜ አልተነሳችም። ከዚያ ስትዞር እጇን እያት። ሁለት ባንዲራ ነው የያዘችው፣ የአቦርጂናሉንና የአውስትራሊያውን አንድ ላይ። በ1994 ካናዳ ላይ የአቦርጂናሉን ይዛ በመዞሯ የቡድኑ መሪ ተቆጥቷት ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ አገሩ ሁሉ ለዚያው ባንዲራ አለቀሰ። ልጅህ ምን እንደምትልህ እስቲ ስማት። ለባንዲራው ጓደኛህም ቪዲዮውን ላክለት።

የምትወድ ከሆነ አፕሪል 25 ጎህ ሳይቀድ ወደ መታሰቢያ ሐውልቱ፣ ወደ ሽራይን፣ ውሰዳት። ብርድ ነው፣ ጋቢ ያዙ። በ1915 ጋሊፖሊ ላይ ከ8 ሺህ በላይ አውስትራሊያዊ የሞተበት ዘመቻ ነው የሚታሰበው። ያልተሳካ ዘመቻ! አድዋን የምናከብር ሰዎች ስለሆንን ለእኔ መጀመሪያ ግራ ነበር፤ የተሸነፉበትን ቀን እንዴት እንደዚህ ያከብራሉ? ከሄድኩ በኋላ ገባኝ። ፉከራ የለም። በጨለማ ቆመው ዝም ይላሉ፣ መለከት ይነፋል፣ ይበተናሉ። የየካቲት 12ን ጠዋት ስድስት ኪሎ የሚያስታውስ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ለልጅህ ቃኘውንም አንሳላት፤ ኮሪያ ላይ ያበሻና የአውስትራሊያ ወታደር በአንድ የተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ነው የተዋጋው።

ፈተናው አያስፈራህ። 20 ጥያቄ ነው፣ 45 ደቂቃ፣ 15 ካገኘህ ታልፋለህ። ግን ከ2020 መጨረሻ ወዲህ አምስቱ የእሴት ጥያቄዎች ናቸው፤ አምስቱንም ማግኘት ግዴታ ነው። አንዷን ከሳትክ 19 ብታገኝም ወደቅህ። ስለዚህ በእንቅልፍ ልብ አትግባ፣ የሌሊት ሥራህን ከዋዜማው ተው። ጥያቄዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፦ ባል ሚስቱን አልታዘዘችኝም ብሎ መምታት ይችላል ወይ? ሰው ሃይማኖቱን መለወጥ ይችላል ወይ? እዚህ ላይ ልብህ ከአፍህ ከተለየ፣ ያን ጊዜ ጭንቀትህ እውነተኛ ነው፤ ለእኔ ሳይሆን ለንስሐ አባትህ ጻፍ።

አልፈህ ዜግነቱን ከወሰድክ በኋላ ለመምረጥ መመዝገብ ግዴታህ ነው። እዚህ አገር ከ1924 ጀምሮ ምርጫ ቀርቶብኝ ይቅር አይባልም፤ ያለ ምክንያት የፌዴራል ምርጫ ከቀረህ 20 ዶላር ትቀጣለህ። ቅዳሜ ነው፣ በየትምህርት ቤቱ። በር ላይ ቋሊማ ይጠብሳሉ፣ «የዴሞክራሲ ቋሊማ» ይሉታል፤ በዳቦ ተጠቅልሎ፣ ሽንኩርት ተነስንሶበት ነው የሚሸጠው። ለትምህርት ቤቱ መርጃ ነው። ጾም ላይ ከዋለብህ ሽንኩርቱን ብቻ በዳቦ በላቸው። አይገረሙም፣ እኔ ስንት ጊዜ በልቻለሁ። የምርጫ ወረቀቱ ላይ ኤክስ እንዳታደርግ፤ በፌዴራሉ የታችኛው ምክር ቤት ወረቀት ላይ የሁሉንም ዕጩዎች ሳጥን 1፣ 2፣ 3 እያልክ ትሞላለህ።

በሥነ ሥርዓቱ ቀን ብዙ ካውንስሎች የአገር በቀል ችግኝ በትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣሉ። ከደረሰህ ምክሬን ስማ። እኔ የእኔን በስስት ገደልኩት። እንደ እናቴ ጓሮ መስሎኝ ጠዋት ማታ አጠጣሁት፣ ፍግ አለበስኩት፣ በሁለት ወሩ ጠወለገ። አንድ ጎረቤቴ አይቶ «አጥግበህ ገደልከው፣ ማይት» አለኝ። የዚህ አገር ተክል ድሃ አፈር የለመደ ነው፣ ማዳበሪያ አይወድም። ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ትከለው፣ ሥር እስኪይዝ በሳምንት አንዴ ሁለቴ አጠጣው፣ ከዚያ ተወው።